ሲዲ ሮም ጡብ ሲሆን

ፈርምዌር በሲዲ ሮም ሆድ ውስጥ ባለች ትንሽ ቺፕ ላይ የተጻፈ የሥራ መመሪያ ነው። ሌንሱ ዲስኩን ለማየት ምን ያህል ከፍና ዝቅ እንደሚል፣ ሞተሩ መቼ እንደሚፈጥን፣ ቁልፉ ሲነካ ትሪው እንደሚወጣ፣ ኮምፒዩተሩ "ማነህ?" ሲለው ምን ብሎ እንደሚመልስ ሁሉ እዚያ ሰፍሯል። መመሪያው ከተበላሸ ሲዲ ሮሙ ሲዲ ሮም መሆኑን ራሱ አያውቅም። ብረቱ በቦታው ነው፣ ሌንሱም ሞተሩም ደህና ናቸው፤ የጠፋው ስሙ ነው። የዓለም ጠጋኞች እንዲህ የሆነውን ዕቃ "ጡብ ሆነ" ይሉታል። ጡብ ቢሆን እንኳ ግድግዳ ይሠራ ነበር፤ ይኸኛው ለዚያም አይበቃም።

አምራቾች በየጊዜው አዲስ ፈርምዌር የሚያወጡት በአብዛኛው ዲስክ ለሚጽፉ ድራይቮች ነው። ባዶ ዲስክ ሁሉ የሠራውን ፋብሪካ የሚናገር ምስጢራዊ መለያ አለው። ድራይቩ ያን መለያ ያነብና ከመዝገቡ አውጥቶ "ለዚህ ዓይነቱ ጨረሩን ይህን ያህል አበርታ" የሚለውን ትእዛዝ ይፈጽማል። መዝገቡ ላይ የሌለ ዲስክ ሲገባ ግን በጥርጣሬ፣ ቀስ እያለ ይጽፋል፤ አንዳንዴም ያበላሸዋል። ስለዚህ መዝገቡ ይታደሳል። ይህ ምክንያት አሳማኝ ነው፤ በደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ በጁባ ግን በዚህ ምክንያት ፈርምዌር ያደሰ ሰው ብዙም አይገኝም።

የጁባው ምክንያት ሌላ ነው። የዲቪዲ ኩባንያዎች ዓለምን እንደ ጥንት ነገሥታት ተከፋፍለዋታል፤ አሜሪካና ካናዳ ክልል 1፣ አውሮፓ፣ መካከለኛው ምሥራቅ፣ ግብፅና ደቡብ አፍሪካ ክልል 2፣ ኢትዮጵያን፣ ኬንያን፣ ኡጋንዳንና የሱዳንን ምድር ጨምሮ አብዛኛው አፍሪካ ከሕንድና ከሩሲያ ጋር ክልል 5 ሆኗል። አዲስ አበባ ከሞስኮ ጋር በአንድ ክልል የዋለችው በዚህ ድልድል ነው። እ.ኤ.አ. ከ2000 መጀመሪያ ወዲህ የተሠሩ የኮምፒዩተር ድራይቮች ክልላቸውን በራሳቸው ሆድ ይቆልፋሉ፤ ባለቤቱ መቀየር የሚችለው አምስት ጊዜ ብቻ ነው። አምስተኛውን ከቀየረ በኋላ ድራይቩ ባለበት ክልል ተወስኖ ይቀራል፤ እንደ ቆረበ ሰው መፋታት የለም።

እ.ኤ.አ. በ2005 የሱዳን ሰሜንና ደቡብ ካደረጉት የሰላም ስምምነት በኋላ በጁባ ሆቴል፣ ምግብ ቤትና ሱቅ የከፈተው ሐበሻ ግን ዲስኩ ከየትም ነው የሚመጣለት። አንዱ ከናይሮቢ፣ አንዱ ከዱባይ፣ አንዱ ከዋሽንግተን ዘመድ በሻንጣ። አምስቱ ዕድል በአንድ የበዓል ሰሞን ያልቃል። ያኔ "ክልል የማያውቅ" የተባለ፣ ፋብሪካው ሳይሆን ሌላ ሰው የነካካው ፈርምዌር አለ የሚል ወሬ ይደርሰዋል። ወሬው እውነት ነው። ቤት ውስጥ የተቀረጹት የሠርግና የክርስትና ዲስኮች፣ ቪሲዲዎችም ጭምር፣ ክልል የሚባል ነገር እንደሌላቸው ግን ማንም አይነግረውም። ለእነሱ ተብሎ የተከፈለው መሥዋዕትነት ሁሉ ከንቱ ነው።

አቧራም አለ። ከኅዳር እስከ መጋቢት ባለው የጁባ በጋ አቧራው በበር ገብቶ በኮምፒዩተሩ ማራገቢያ ይመጣል፤ ከዚያም የሌንሱ ዓይን ላይ ጉብ ይላል። የሲዲ ጨረር የሚከተለው መስመር ከጎረቤቱ መስመር የሚርቀው በ1.6 ማይክሮን ነው፤ በዲቪዲ ደግሞ በ0.74 ማይክሮን። ማይክሮን የሚሊሜትር ሺሕኛ ነው። ለዚህ ዓይነት ንባብ አንዲት የአቧራ ቅንጣት ተራራ ናት። ባለቤቱ ዲስኩ አልነበብ ሲለው ሌንሱን ከመጥረግ ይልቅ ፈርምዌሩን ያድሳል። የዓይን ሞራ ላለበት ሰው አዲስ ፊደል መቁጠሪያ መግዛት ማለት ነው።

የማደሱ ሥራ ራሱ አጭር ነው። ፋይሉ ከአንድ ሁለት ሜጋባይት አይበልጥም። አንድ ጊዜ ከወረደ ኢንተርኔት አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው መብራት ነው። ፕሮግራሙ በቺፑ ላይ ያለውን አሮጌ ጽሑፍ ይፍቃል፣ አዲሱን ይጽፋል፣ መልሶ ያነብና ያመሳክራል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁሉም በአንድ ሁለት ደቂቃ ያልቃል። አደጋው ያለው በመፋቁና በመጻፉ መካከል ነው። በዚያች ሰዓት ድራይቩ አሮጌውን ጎጆ አፍርሶ አዲሱን ሳያቆም ዝናብ የያዘው ሰው ነው።

ዝናቡ ጁባ ውስጥ ከየት እንደሚመጣ መገመት አያስቸግርም። ደቡብ ሱዳን እ.ኤ.አ. በ2011 ነፃነቷን ስታውጅ የዋና ከተማዋ ሌሊት የጀነሬተር ድምፅ ነበር። ናፍጣ ሲያልቅ ሰፈሩ በአረቢ ጁባ "ካህረባ ማፊ" ይላል፤ መብራት የለም ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2019 የ33 ሜጋዋት ማመንጫ ሥራ ጀምሮ የመስመር መብራት ወደ ብዙ ሰፈር ገባ። ይህ ለከተማዋ በረከት ነበር። ለሲዲ ሮም ግን አዲስ የአሟሟት ዓይነት ይዞ መጣ፤ ከዚያ በፊት ዕቃ የሚሞተው መብራት ሲሄድ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ መብራት ሲመጣም ይሞት ጀመር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒዩተሩ በጀነሬተር እየሠራ፣ ፈርምዌሩ 60 በመቶ ደርሶ ሳለ የመስመር መብራት ይመጣል። የምግብ ቤቱ ባለቤት ከጓዳ ሆነው የውጪው አምፖል ሲበራ ያያሉ። ወጥተው ቼንጅ ኦቨሩን፣ የመብራት መቀየሪያውን፣ ያዞሩታል። ከጀነሬተር ወደ መስመር ለመሻገር ሁለት ሰከንድ ቢወስድ ነው፤ ለሽንኩርት ማብሰያው ምንም አይደለም፣ ለፍሪጁም ምንም አይደለም። መብራት ሲቋረጥ በባትሪ የሚያቆየው ዩፒኤስ ለሌለው ኮምፒዩተር ግን የዓለም ፍጻሜ ነው። ወጣቱ ጠጋኝ ከሳሎን ይጮኻል፦

"እትዬ! መብራት እንዳይነካ ብዬ ለምኜ አልነበር?"

"ኧረ የእኔ ልጅ፣ የመንግሥት መብራት መጥቶ እያለ ናፍጣው በከንቱ ይንደድ?"

በዚህ ክርክር ሁለቱም ትክክል ናቸው። ተሸናፊው ትሪ ውስጥ ያለው ዲስክ ነው፤ ምክንያቱም የአዳሹ ፕሮግራም የመጀመሪያ መስመር "ዲስኩን አውጣ" ይላል፣ የመጀመሪያ መስመር ደግሞ የሚያነበው የለም። ከአዲስ አበባ በሰው እጅ የተላከ የእህት ልጅ ሠርግ ይሆናል፤ ወይም ለሕክምና አዲስ አበባ ሄዶ የተመለሰ ሰው ኤምአርአይ። በፍላሽና በስልክ ዘመን ሲዲ ሮምን ከነሕይወቱ ያቆዩት እነዚህ ሁለቱ ናቸው፤ ሙሽራና በሽተኛ።

የመጀመሪያው ሕክምና ምንም አለማድረግ ነው። የመቶኛው ቁጥር ቆሞ የቀረ ቢመስልም ኮምፒዩተሩ በርቶ እስካለ ድረስ አሥር ደቂቃ መጠበቅ ይገባል፤ አንዳንዱ ፕሮግራም ቁጥሩን የሚያሳየው እየዘለለ ነው። ግማሹ ሲዲ ሮም የሚገደለው በመብራቱ ሳይሆን "ተሰቀለ" ብሎ ቁልፉን በሚጫን ጣት ነው። መጠበቅ ግን ለጠጋኝ ከባድ ነው፤ ባለቤቷ ቡና እያፈሉ አጠገቡ ቆመዋል፣ ዝም ብሎ ተቀምጦ የሚያይ ሰው ደግሞ ሥራ የያዘ አይመስልም። ስለዚህ ቢያንስ አይጡን ይነካካል።

ቀጥሎ ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ ከሶኬት መንቀል ነው። ሪስታርት አይበቃም። ሪስታርት ሲደረግ ኮምፒዩተሩ ሐሳቡን ይቀይራል እንጂ ወደ ድራይቩ የሚሄደው ኤሌክትሪክ አይቋረጥም፤ የተደናበረው ድራይቭ እንደተደናበረ ይቆያል። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪውም ይወጣል። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ሲበራ ከሞት የተነሣ ብዙ ነው፤ ጠጋኙም ሌላ ምንም ሳይሠራ የዚያን ቀን ቡና በክብር ይጠጣል።

ካልተነሣ ግን ምርመራው ባዮስ ውስጥ ይጀመራል። ባዮስ ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት ኮምፒዩተሩ የቤተሰቡን ስም የሚጠራበት ገጽ ነው። እዚህ የሚታየው ነገር ሁሉን ይወስናል፤ ሰው ግን ይህን ገጽ ዘሎ በቀጥታ "ፎርማት እናድርገው" ይላል። ፎርማት የሐበሻ ኮምፒዩተር ጠበል ነው፤ ቫይረስ ቢሆን፣ ድምፅ ቢጠፋ፣ ማተሚያ ቢያኮርፍ የሚታዘዘው እሱ ነው። ፈርምዌሩ ያለው ግን ሃርድ ዲስኩ ላይ ሳይሆን በድራይቩ በራሱ ቺፕ ላይ ስለሆነ ፎርማት ሊደርስበት አይችልም። የሚጠፋው የልጆቹ ፎቶ ብቻ ነው።

የድራይቩ ስም ባዮስ ላይ በትክክል ከታየ ድራይቩ ደህና ነው፤ የታመመው ዊንዶውስ ነው። ይህ ከሚታሰበው በላይ የተለመደ ነው። ዲስክ የሚጽፉ ፕሮግራሞች ሲራገፉ "አፐር ፊልተርስ" እና "ሎወር ፊልተርስ" የሚባሉ ሁለት ትእዛዞች በዊንዶውስ መዝገብ ውስጥ ጥለው ይሄዳሉ። ዊንዶውስ ከዚያ በኋላ ወደ ሲዲ ሮሙ በሄደ ቁጥር በሌሉ ዘበኞች ፈቃድ ለማለፍ ይሞክራል። ዘበኛው ስለሌለ በሩ አይከፈትም። ቢጫ የቃለ አጋኖ ምልክትና "ኮድ 39" ወይም "ኮድ 19" የሚል ቁጥር ይታያል። ከሲዲ ሮም ክፍል ብቻ ሁለቱን ትእዛዞች አጥፍቶ ኮምፒዩተሩን ማስነሣት ይበቃል። አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፤ ስለዚህም ብዙ ጠጋኝ ኮምፒዩተሩን "ይደርና እንየው" ብሎ ያስቀምጠዋል፣ አሥር ደቂቃ የፈጀ ነገር ዋጋ ስለማያወጣ።

ይደር ከተባለ ቀጠሮ ይኖራል፤ የጁባ ቀጠሮ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ደቡብ ሱዳን እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2021 ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ መልሳለች። እስከዚያ ድረስ ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ነበረች። "ነገ ሁለት ሰዓት ና" ሲባል በጁባ ሰዓት ለሚቆጥር ሐበሻ ከጧቱ ስምንት፣ ስልኩን ከአዲስ አበባ ሰዓት ላልነቀለው ከጧቱ ሰባት፣ ለጎረቤቱ የጁባ ሰው ደግሞ ከቀትር በኋላ ነው። አገር ሙሉ ሰዓቱን ሲያድስ ምንም ጡብ አልሆነም፤ ቀጠሮ ብቻ ነው የተበላሸው።

የድራይቩ ስም ባዮስ ላይ ተዛብቶ ከታየ፣ ማለትም የፋብሪካ ስሙ ቀርቶ ትርጉም የሌለው ፊደል ወይም የቺፑ ጥሬ ስም ከመጣ፣ ሕመሙ እውነተኛ ነው፤ ተስፋ ግን አለው። በብዙ ድራይቮች ቺፕ ላይ በማደስ ጊዜ የማትነካ ትንሽ ክፍል አለች። ሌላው ሁሉ ቢጠፋ እሷ ትቀራለች፤ ሥራዋም "እዚህ ነኝ፣ እንደገና ጻፉልኝ" ማለት ብቻ ነው። ያኔ ትክክለኛውን ፈርምዌር ደግሞ መጻፍ ይቻላል። አንዳንዴ የፋብሪካው ፕሮግራም "ይህን ድራይቭ አላውቀውም" ብሎ እምቢ ይላል። እውነቱን ነው፤ ስሙ ጠፍቷላ። በዚህ ጊዜ ስም የማይጠይቅ ፕሮግራም ያስፈልጋል። በሚዲያቴክ ቺፕ ለሚሠሩት ድራይቮች ለዓመታት ያገለገለው ኤምቲኬፍላሽ የተባለው ነው። ከዶስ ይነሣል፣ ጥቁር ገጽ ላይ ይሠራል፣ ድራይቩ ከአራቱ የኬብል ቦታዎች በየትኛው እንደተሰካ ብቻ ይጠይቃል። ቁጥሩን የተሳሳተ ሰው ጤነኛውን ድራይቭ ከበሽተኛው አጠገብ ያስተኛዋል፤ ስለዚህ ከመጀመሩ በፊት ሌላውን ድራይቭ ሁሉ መንቀል ደግ ነው።

እዚህ ላይ የዩኤስቢ ነገር መነሣት አለበት። ብልህ ጠጋኝ ድራይቩን ከኮምፒዩተሩ አውጥቶ በዩኤስቢ ማገናኛ ከላፕቶፕ ጋር ያያይዘዋል፤ ላፕቶፕ ባትሪ አለው፣ የቼንጅ ኦቨር ሥጋት የለበትም። ሐሳቡ ግሩም ነው፣ ሁልጊዜ ግን አይሠራም። በአንዳንድ ማገናኛ ውስጥ ያለችው ቺፕ ተራ ንባብና ጽሕፈት ታስተላልፋለች እንጂ የፈርምዌር ትእዛዞችን አታሳልፍም። ስለዚህ መፍትሔው ድራይቩን በኮምፒዩተሩ ውስጥ አድርጎ፣ ኮምፒዩተሩን በዩፒኤስ ላይ አድርጎ፣ ባለቤቷን ከቼንጅ ኦቨሩ ማራቅ ነው። ሦስተኛው ከባዱ ነው።

ፈርምዌሩ የትኛው ነው የሚለውም ጥያቄ ቀላል አይደለም። አንዱ ፋብሪካ የሠራውን ድራይቭ ሌላው የራሱን ስም ለጥፎ ይሸጠዋል። ፊቱ ላይ የታተመው ስም የቀሚሱ ነው፤ እውነተኛው ስም ጀርባው ላይ በተለጠፈው ወረቀት በደቃቅ ፊደል ተጽፏል፣ ከመጨረሻው ያለችው አንዲት ፊደልም ቸል አትባልም። ለወንድሙ የተሠራ ፈርምዌር የተጫነበት ድራይቭ ስሙን በትክክል ይናገራል፣ ትሪውንም ይከፍታል፤ ዲስክ ግን አያይም። ሌንሱ በሌላ ሰው መነጽር ነው የሚያየው። አዋቂ ሰው አዲሱን ከመጻፉ በፊት አሮጌውን ገልብጦ በፍላሽ ያስቀምጣል። ይህን የሚያደርገው ግን አንድ ጊዜ የነደደ ሰው ብቻ ነው።

ስሙ ባዮስ ላይ ከነጭራሹ ካልታየ ፈርምዌሩን ከመውቀስ በፊት ኬብሉ ይታያል። በድሮው ሰፊ ኬብል የሚገናኝ ድራይቭ ወጥቶ ሲገባ ከእግሮቹ አንዱ ይታጠፋል፤ ከኋላ ያለችው ትንሽ ጃምፐርም ወድቃ ምንጣፍ ሥር ትገባለች። ድራይቩ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ይሞከራል። እዚያም ካልታየ የሚቀረው ቺፑን በብየዳ ነቅሎ በመጻፊያ መሣሪያ መጻፍ ነው። ይህ ይቻላል። ሥራው ግን ከአዲስ ድራይቭ ዋጋ ስለሚበልጥ የሚደረገው ለክብር ነው።

ጥፋቱ ሁሉ የጁባ መብራት እንዳይመስል አንድ ነገር ማስታወስ ፍትሐዊ ነው። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2003 ማንድሬክ ሊኑክስ 9.2 የተባለው ስርዓት ሲወጣ፣ መብራት በማይጠፋባቸው አገሮች ጭምር፣ አንዳንድ የኤልጂ ሲዲ ሮሞች በተጫነባቸው ሰዓት ጡብ ሆነው ቀሩ። ስርዓቱ ለድራይቩ "በጊዜያዊ ማኅደርህ የያዝከውን አራግፍ" የሚል ተራ ትእዛዝ ይልክ ነበር። ማንበብ ብቻ የሚችሉት እነዚያ ድራይቮች ለማራገፍ የያዙት ነገር የለም፤ ስለዚህ ሠሪዎቻቸው ያንን የትእዛዝ ቁጥር ለሌላ ሥራ፣ ለፈርምዌር ማደሻ፣ አውለውት ነበር። ሊኑክሱ "አራግፍ" አለ፣ ድራይቩ "ራስህን ፋቅ" ሲባል ሰማ። በሰው መካከልም እንዲህ ያለ አለመግባባት አለ፤ ኬብል ግን የለውም።

ድራይቩ ዳነም አልዳነ ውስጡ የቀረው ዲስክ ይወጣል። ትሪውን የሚከፍተው ቁልፍ ትእዛዙን የሚቀበለው ከፈርምዌሩ ስለሆነ ጡብ በሆነ ድራይቭ ላይ ቢጫኑት አይሰማም። ለዚህ ቀን ተብሎ ፊቱ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ቀዳዳ ተበጅቷል። ኮምፒዩተሩ ከሶኬት ይነቀላል፤ የወረቀት ክሊፕ ተዘርግቶ ቀጥ ብሎ ይገባል፤ የሚገፋ ነገር ሲያገኝ ጠንከር ይደረጋል። ትሪው በጣት ለመያዝ የሚበቃ ያህል ብቅ ይላል። ክሊፕ ከጠፋ የፀጉር ሽቦ ይሠራል። ስክሪው ድራይቨር አይገባም፣ ቢገፉትም አይገባም፤ ይህን ለማረጋገጥ የተሞከረባቸው ድራይቮች ፊታቸው ጠባሳ ነው።

የወጣው ዲስክ በጎረቤት ኮምፒዩተር ይሞከራል። የእህት ልጅ ሠርግ ከሆነ ክልል ስለሌለው ወዲያው ይከፈታል። ባለቤቷ ቆመው የጀመሩትን ዕይታ ተቀምጠው ይቀጥላሉ፤ ሙሽራው ሲገባ እልል ይላሉ፣ ጠጋኙ አጋጣሚውን ተጠቅሞ ዲስኩን ወደ ፍላሽ ይገለብጣል።

ያልዳነው ድራይቭ አይጣልም። የሌንሱ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት ደቃቅ ማግኔቶች ኃይለኞች ስለሆኑ ለጠጋኙ ብሎን መልቀሚያ ይሆናሉ፤ ብሎኖቹ ራሳቸው ለሌላ ድራይቭ ይቀመጣሉ። ትሪውን ስታወጣና ስታስገባ የኖረችው ትንሽ ሞተር ደግሞ ለባለቤቷ ልጅ ትሰጣለች። ልጁ ከአሮጌ የስልክ ቻርጀር ጋር አያይዞ፣ ከውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ክዳን የተቆረጠ ክንፍ ሰክቶባት፣ በጁባ ሙቀት ፊቱን ያናፍስባታል፤ ቼንጅ ኦቨሩ ሲዞር ሁለት ሰከንድ ቆማ እንደገና ትሽከረከራለች።